የአስካለማርያም ቀለብ

ከአዋሽ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት፣ ከግራር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ አሥራ አራት ዓመት ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ስሜ ሣህሌ ነው። ግመሉን ባቡር የገጨበት አፋር፣ ደሞዙ የተያዘበት የሐዲድ ሠራተኛ፣ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር የተካሰሰ ባለሱቅ፣ ሁሉም በእኔ እጅ አልፏል። የብዙዎቹን መልክ ረስቼዋለሁ። ወይዘሮ አስካለማርያምን ግን ልርሳ ብልም አልሆነልኝም። በእሷ ነገር ሁለት ማመልከቻ ጽፌያለሁና፤ የመጀመሪያውን ለእሷ፣ ሁለተኛውን በእሷ ላይ።

አስካለማርያም የቡልጋ ልጅ ናት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ወልደ ኢየሱስ ለሚባል የአገሯ ልጅ በሰማንያ ተዳረች። ባልዋ የዲያቆን ትምህርት የጀመረ፣ እጅ ጽሑፉ የሚያምር፣ መሬት ግን የሌለው ሰው ነበር። በአርባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሁለቱም ሥራ ፍለጋ ወደ አዋሽ ወረዱ። እሱ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ተቀጠረ፤ እሷ ከጣቢያው ጀርባ በተከራዩዋት የቆርቆሮ ቤት ምግብ መሸጥ ጀመረች። ያን ጊዜ ባቡሩ አዋሽ ላይ ለምሳ ይቆማል። ገንዘብ ያለው መንገደኛ ጣቢያው ቡፌ ገብቶ በሹካና በቢላ ይበላል፤ የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ደግሞ ወደ አስካለ ቤት ይሮጣል። ያ ሁሉ ሰው ባቡሩ ሳያመልጠው በልቶ፣ ሒሳብ ከፍሎ መሄድ አለበት። እሷ በቆርቆሮው ሙቀት ውስጥ ላቧ እየተንጠባጠበ፣ አንዱንም ሳታስከፋ ታስተናግድ ነበር።

ይርገዱ የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ በአራተኛ ዓመቷ በወባ ሞተችባቸው። ከዚያ በኋላ አስካለ አልወለደችም።

ወልደ ኢየሱስ ሸክም ለእሱ እንዳልተፈጠረ ያምን ነበር። እውነቱን ነው፣ ጽሑፉን ያየ ሰው ያዝንለታል። አስካለ «አዲስ አበባ ሄደህ የጽሕፈት መኪናና የሒሳብ አያያዝ ተማር፤ ቤቱን እኔ እይዘዋለሁ» ብላ ላከችው። ስምንት ወር ተማረ። በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ታችኛው አዋሽ በረሃው እየታረሰ ጥጥ መዘራት በጀመረበት ዘመን፣ እዚያ ከነበሩት እርሻዎች በአንዱ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ።

«ቤት እንደሰጡኝ እወስድሻለሁ» ብሎ ሄደ። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ጊዜ መጣ። በሁለተኛው አንድ ጊዜ መጣ፤ የሰማንያ ውላቸውን «ለቤት ማግኛ ይጠይቁኛል» ብሎ ከሣጥን አውጥቶ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ።

ወሬ ግን አይጠፋም። ረዲ የሚባል የወሎ ሰው የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፤ በበጋ የገዋኔንና የአዳይቱን ጥርጊያ ደፍረው ወደ ታች ከሚወርዱት ጥቂት ሾፌሮች አንዱ ነው። ምሳውን ሁልጊዜ እሷ ዘንድ ይበላል። አንድ ቀን በልቶ ከጨረሰ በኋላ እጁን እየታጠበ፣ ፊቷን ሳያይ፣ «እህቴ፣ ባልሽ ሎጊያ ላይ ጎጆ ወጥቷል» አላት።

ሽማግሌ ሰበሰበች። ሽማግሌዎቹ በረዲ እጅ ደብዳቤ ላኩበት። መልሱ በወሩ መጣ። አስካለ ማንበብ ስለማትችል ፖስታውን ይዛ ወደ እኔ መጣች። በዚያ በሚያምር ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «የተጠቀሰችውን ሴት አላውቃትም አልልም። አዋሽ በነበርኩ ጊዜ በደሞዝ ተቀጥራ ወጥ ትሠራልኝ ነበር። የቀረባት ክፍያ ያለ አይመስለኝም።»

አነበብኩላት። «ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። «ወጥ ትሠራልኝ ነበር ነው የሚለው?» አለች።

«አዎ፣ ወይዘሮ አስካለ።»

«እንግዲያው ጻፍልኝ። ሚስቱ መሆኔን ፍርድ ቤት ይናገርልኝ። ቀለቤንም ይቁረጥልኝ።»

የመጀመሪያውን ማመልከቻ የጻፍኩት ያን ቀን ነው። የባልና ሚስት ጠብ በሽማግሌ የሚያልቅ ነገር ነው፤ «ጋብቻ የለም» ከተባለ ግን መኖር አለመኖሩን የሚለየው ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ችሎት ፊት ቀረበ።

ወልደ ኢየሱስ በመጥሪያ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ደረት ኪሱ ላይ ብዕር ሰክቷል። አስካለ በአምስት እርምጃ ርቀት ቆማ፣ አንድ ጊዜም ዞሮ አላያትም።

«ይህችን ሴት ታውቃታለህ?» አለው ዳኛው።

«አውቃታለሁ ጌታዬ። ወጥ ቤቴ ነበረች።»

«ከወጥ ሌላስ?»

ችሎቱ ሳቀ። ወልደ ኢየሱስም ፈገግ አለ። «ወንድ ነኝ ጌታዬ፤ እሱን አልክድም። ጋብቻ ግን የለንም። አለ የሚል ውሉን ያቅርብ።»

አስካለ አንገቷን ደፋች። ውሉ የማን ኪስ ውስጥ እንዳለ እሷም እሱም ያውቃሉ።

ወረቀት ከሌለ ሰው ይመስክር ተባለ፤ አራት ምስክር ቆጠረች። ሁለቱ የባቡር ሠራተኞች «አብረው ሲኖሩ አይተናል» ከማለት አላለፉም። አንዲት ገረድም ከጌታዋ ጋር በአንድ ቤት ትኖራለችና ይህ ብዙ አልረዳትም። የነፍስ አባቷ ደንገጥ እያሉ ተናገሩ፤ ወልደ ኢየሱስ በጥያቄ ሲያዋክባቸው ዓመተ ምሕረቱን ሳቱ። በመጨረሻ የቀረበችው ጎረቤቷ ኡሙሀኒ ነበረች። ከወሎ መጥታ ከባሏ ጋር ትንሽ ሱቅ የያዘች፣ ከሰው ጋር ስትነጋገር ዓይኗን የማትሰብር ሴት ናት። በቁርኣን ምላ ቆመች።

«መጋባታቸውን በምን ታውቂያለሽ?» ተባለች።

«እኔ ስለ ውል አላውቅም፣ ጌታዬ። ስለ ይርገዱ ግን አውቃለሁ።»

«ይርገዱ ማን ናት?»

«ልጃቸው ናት። ወባ ይዟት እኔው እቅፍ ውስጥ ሞተች። ይህ ሰውዬ ከሥራው ሮጦ መጥቶ ሬሳዋን ከእጄ ነጠቀኝ። ለመገነዝ አልሰጥም ብሎ ሦስት ወንዶች ናቸው ያስለቀቁት። ‹የሚስቴ ማኅፀን ተቃጠለ፣ ቤቴ ፈረሰ› እያለ ደረቱን ሲመታ ወላሂ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ‹የሚስቴ› ነው ያለው። ‹የወጥ ቤቴ› አላለም።»

ዳኛው ወደ ወልደ ኢየሱስ ዞሮ «ልጅ ነበረችህ?» አለው።

ወልደ ኢየሱስ ኪሱ ላይ የሰካውን ብዕር ነካካ። ዳኛው ደግሞ ጠየቀው።

«ነበረች» አለ። አስካለ ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ብዙ ዓመት ጠበቆችና ዳኞች ሲያፋጥጡ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አስተያየት ግን አላጋጠመኝም። ጥላቻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር።

«ሚስቱ ናት» ተብሎ ተፈረደ። ሽማግሌዎቹም ወር በወር የሚልክላትን ቀለብ ወሰኑ። የዚያን ዕለት ከፍርድ ቤት ስትወጣ ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ የውሳኔውን ግልባጭ አስነበበችኝ። «ሚስት» የሚለው ቃል ያለበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋት፤ እሷም በጣቷ ነካችው።

እኔ አንድ ምክር ሰጠኋት። «ወይዘሮ አስካለ፣ ሰውየው አይመለስም። አሁኑኑ ፍቺ ጠይቂና ድርሻሽን ይዘሽ ተገላገይ።»

«ምን? ሚስት ነሽ ብለው በፈረዱልኝ ማግሥት እኔው ላፍርሰው?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ለእኔ ምንም። ያችን የሎጊያዋን ግን በሰማንያ እንዳያገባት ያደርጋል። ይህ ይበቃኛል።»

ሽማግሌዎቹም ለመኗት፤ አሻፈረኝ አለች። እልህ ነው። በእሷ ቦታ ሆኜ እልህ አይዘኝም ነበር ብዬ አልዋሽም።

ቀለቡ ሦስት ወር መጣና ቆመ። አስካለ ደብዳቤ ማስጻፍ ትታ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት በጥር ወር ቤቱን ለኡሙሀኒ አደራ ብላ ረዲ መኪና ላይ ወጣች። ሁለት ቀን ተኩል በአቧራ ተጉዘው ሎጊያ ደረሱ። ከዚህ በኋላ ያለውን ያጫወተኝ ረዲ ነው።

ሎጊያ ያኔ በአሰብ መንገድ ዳር ያለች የጥቂት ቤቶች መንደር ናት፤ ነዳጅ በበርሜል ይሸጣል፣ ሾፌር ይበላል፣ ያድራል። የወልደ ኢየሱስን ቤት ሲጠይቁ አንዲት ምግብ ቤት አሳዩዋቸው። ንጋትወርቅ የምትባል ቀይ፣ ወፈር ያለች ሴት በር ላይ ሽንኩርት ስትልጥ አገኙ።

«ወልደ ኢየሱስ የሚኖረው እዚህ ነው?» አለች አስካለ።

«አዎ፤ እርሻው ላይ ነው፣ ለምሳ ይመጣል። ዘመድ ነሽ?»

«ሚስቱ ነኝ።»

ንጋትወርቅ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ሚስቱማ ሞታለች» አለች። «ከልጇ ጋር በአንድ ሳምንት ነው የሞተችው። እኔ ራሴ ተዝካር ደግሼላታለሁ።»

ረዲ እንደሚለው ሴቲቱ የምትዋሽ አትመስልም ነበር። ፊቷ አመድ መሰለ፤ በርጩማ አምጥታ «ተቀመጪ» አለቻት፣ ውሃም ሰጠቻት። አስካለ ውሃውን አልጠጣችም። አዋሽ ላይ ገረድ ተብላ በምስክር ከገረድነት ወጣች፤ ሎጊያ ላይ ደግሞ ተዝካሯ ተበልቶ ቆያት።

ወልደ ኢየሱስ በስድስት ሰዓት መጣ። ሁለቱን ሴቶች አብረው ተቀምጠው ሲያይ በር ላይ ቆሞ ቀረ።

«ገደልከኝ?» አለችው አስካለ።

«አስካለ፣ ሰው ፊት…»

«ከልጄ ጋር አብረህ ገደልከኝ? የእሷን ሞት ማባበያ አደረግከው?»

እሱ ወደ ንጋትወርቅ ዞሮ «አብዳለች፣ አልነገርኩሽም?» አለ። ንጋትወርቅ «ሞታለች ነው ያልከኝ» አለችው። ነገር ግን ከቤቷ አላስወጣችውም። ስለ ቀለቡ አንድ ቃል ሳይነሣ አስካለ ወጥታ መኪናው ላይ ተቀመጠች።

ረዲ ጭነቱን ወደ አሰብ ማድረስ ነበረበት። «እዚህ ልተውሽ ወይስ ወዴት ልውሰድሽ?» ቢላት ነጠላዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች፤ ይዟት ተነሣ። ዛሬ ሰመራ የሚባለው ከተማ የቆመበት ሜዳ ያኔ ቤት የሌለበት፣ ጥቁር ድንጋይና ትኩስ ነፋስ ብቻ ነበር። እዚያ ሲደርሱ «አቁም» አለችው። ወርዳ መሐል ሜዳው ላይ ቆማ ጮኸች። ረዲ «አብሽሪ፣ እህቴ፣ አይዞሽ» እያለ ራቅ ብሎ ቆመ። ስትጨርስ አፏን በነጠላዋ ጠርጋ «አሁን መልሰኝ» አለችው። ወደ ላይ የሚመለስ የጓደኛውን መኪና አስቁሞ አሳፈራት።

ከዚያ በኋላ አስካለ ስሙን አታነሣም ነበር። ሥራዋን ሠራች፤ የቆርቆሮውን ቤት ከነቦታው ገዛችው፣ አንድ ክፍል ጨመረችበት። የምትስቀው ሳቅ ቀርቶ የምትቆጣው ቁጣ በዛ። ሦስት ዓመት አለፈ።

በስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ሁለት ምርኩዝ የያዘ ሰው ግራሩ ሥር መጥቶ ቆመ። ወልደ ኢየሱስ መሆኑን ያወቅሁት ሲናገር ነው። ጥጥ የጫነ ተጎታች ተገልብጦበት ዳሌው ተሰብሯል፤ በደንብ አልገጠመም። ሥራው ቀርቷል። ንጋትወርቅ ስድስት ወር አስታመመችውና፣ አንድ ቀን ልብሱን አጣጥፋ፣ ወደ አዋሽ በሚሄድ መኪና አሳፍራ «ሚስትህ ጋ ሂድ» አለችው።

አስካለ ቤት ሄዶ ነበር። በሩን በፊቱ ዘጋችበት።

«ማመልከቻ ጻፍልኝ» አለኝ። «ሚስቴ ናት። ቤት አላት፣ ገቢ አላት። እኔ መሥራት አልችልም። ባልና ሚስት ይረዳዳሉ ይላል ሕጉ። ቀለብ ትቁረጥልኝ።»

«አንተ ራስህ ጸሐፊ አይደለህ? ጻፈው» አልኩት።

እጁን አነሣ። ይንቀጠቀጣል። ያ ጽሑፍ የለም።

ሂድልኝ ማለት እችል ነበር። ከእኔ ሃያ እርምጃ ርቆ ሌላ ጸሐፊ ተቀምጧል፤ እሱ ባይጽፍለት እንኳ ዳኛው በቃል ይሰማው ነበር። ይህን ሁሉ ለራሴ ነገርኩት። ጻፍኩለት። ከጻፍኩት በኋላ ምሳዬን እሷ ቤት መብላት ለብዙ ቀን አልቻልኩም።

ችሎት ቀን አስካለ በጠረጴዛዬ በኩል አለፈች። «አቶ ሣህሌ፣ የጻፍከው አንተ ነህ አሉኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ አድርገህ ጽፈህለታል?»

ምን ልበላት። እሷም መልስ ሳትጠብቅ ወደ ችሎቱ ገባች።

ዳኛው ሌላ ሰው ነበር፤ የበፊቱ ተዛውሯል። የበፊቱን መዝገብ አስቀርቦ አገላበጠ። «ሚስቱ ነኝ ብለሽ አራት ምስክር አቁመሽ ያስፈረድሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ፍቺ አለ?»

«የለም።»

«ለምን?»

አስካለ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠመዘዘች። «እልህ ይዞኝ» ብላ ለዳኛ አትናገር።

«እንግዲህ ጋብቻው የቆመ ነው። እሱ በደለሽ፣ እውነት ነው። ቢሆንም ሰው በረሃብ ይሙት አይባልም። እንዳቅምሽ ትረጂዋለሽ። በገንዘብ ነው ወይስ በዓይነት?»

«በገንዘብ አልሰጥም» አለች። «ምግብ እሸጣለሁ፤ መጥቶ ይብላ።»

እንዲህ ሆነና ወልደ ኢየሱስ በየቀኑ በምርኩዙ እየተጎተተ የሚስቱ ምግብ ቤት መምጣት ጀመረ። ማደሪያ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰጥተውታል። አስካለ ከግድግዳው ጥግ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ለየችለት። ምግቡን ሌላ ሰው እንዲያቀርብ አትፈቅድም፤ ራሷ ይዛ መጥታ፣ ፊቱ አስቀምጣ ትሄዳለች። ምግቡ ከማንም ምግብ አያንስም። ሥጋ ከሆነ ሥጋ፣ ጾም ከሆነ ሽሮ። ነገር ግን አንድም ቀን «ብላ» አላለችውም።

ይህን የማያውቅ ሰው ቀላል ነገር ይመስለዋል። በእኛ አገር ለጠላትም ቢሆን ማዕድ ቀርቦ «ብላ» ይባላል። ያ ሰው በየቀኑ እንግዳው ሁሉ «እንብላ» እየተባባለ ሲጎራረስ እያየ፣ ማንም ሳያነጋግረው፣ ግድግዳ እያየ ይጎርሳል። መጀመሪያ ላይ «እግዜር ይስጥልኝ» ይል ነበር። መልስ ሲያጣ ተወው። እየበላ ከሳ።

ኡሙሀኒ አላስቻላትም። «አስኩ፣ ይህ ቀለብ አይደለም፣ ቅጣት ነው። አሏህ አይወደውም» አለቻት እኔ እየሰማሁ።

«ፍርድ ቤቱ አብዪው አለ እንጂ ብላ በዪው አላለም።»

«እሱን መቅጣትሽ ነው። አንቺስ? ፊትሽን በመስታወት አይተሽዋል?»

እውነቷን ነበር። አስካለ ምሳ ሰዓት ላይ እሱ ሲዘገይ በር በሩን ታያለች፤ ሲመጣ ፊቷ ይጨልማል። ቀኗ በሙሉ በዚያች አንዲት ሰሐን ዙሪያ ይዞር ነበር። ስሙን ማንሣት ትታ የነበረውን ሰው፣ አሁን በየቀኑ ትጠብቀዋለች።

ይህ ዓመት ከአራት ወር ቆየ። በመጨረሻ የጠየቀው እሱ ነው። ሽማግሌዎቹን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰበሰባቸውና «ፍቱኝ» አለ። «ቀለቡ ይቅርብኝ። ከቤቱም ድርሻ አልፈልግም። ከዚያ ጠረጴዛ ብቻ አውጡኝ።»

አስካለ ተጠራች። ዘንድሮም እንቢ ትላለች ብለን ፈርተን ነበር። እሷ ግን «ይሁን» አለች። ሽማግሌዎቹ ፍቺውን አስፈረሙ፤ እሷ በአውራ ጣቷ፣ እሱ በሚንቀጠቀጥ እጁ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ ሲሏቸው፣ እሱ ጎንበስ አለ፤ እሷ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብላ ወጣች። በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ በሚወጣው ባቡር ሞጆ ወዳለችው እህቱ ሄደ። ምርኩዙን አንሥተው ያሳፈሩት ድሮ አብረውት ጆንያ ይሸከሙ የነበሩት ጫኞች ናቸው።

ወልደ ኢየሱስ ሞጆ ላይ ዓመት አልሞላውም። የሞቱን ወሬ ያመጣው የባቡሩ ትኬት ተቆጣጣሪ ነው፤ ባቡሩ ለምሳ ቆሞ፣ ቤቷ በሰው ተሞልቶ ሳለ ነገራት። አስካለ ሰማች። የያዘችውን ሰሐን ላዘዘው መንገደኛ አደረሰች። የቀሩትንም አስተናገደች፣ ሒሳብ ተቀበለች። ባቡሩ ፊሽካውን ነፍቶ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

እኔ በዚያ ቀን ሄጄ ነበር። ጎረቤቱም መጣ፤ ነገር ግን ሁላችንም በር ላይ ተኮለኮልን። ባሏ ሞተ እንዳንል ተፋተዋል። ለቅሶ ተቀመጪ ማን ደፍሮ ይበላት? «እግዜር ያጽናሽ» ብንል ስድብ መስሎ ይሰማት እንደሆነ አላወቅንም። የነፍስ አባቷ እንኳ መስቀላቸውን ከማሳለም አላለፉም። አንድ በአንድ፣ ምንም ሳንል፣ ተመለስን።

ስመለስ ኡሙሀኒን አየኋት። ከሱቋ ወጥታ፣ በጓሮ በኩል ገብታ፣ ለራት የተዘጋጀውን ሽንኩርት ወደ ራሷ ስባ መላጥ ጀምራ ነበር። አስካለም ሌላ ቢላዋ አንሥታ አጠገቧ ተቀመጠች።